አባቴ ደልጊ ደረሱ የተባለ ዕለት

ይህ ነገር ሲደርስብኝ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወር ውስጥ ነበርሁ። ባሕር ዳር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ መላኩ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ነው። የምንኖረው ከሐይቁ ብዙም ሳንርቅ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ለአባቴ ለቀንላቸው ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከጣና ማዶ ደልጊ ላይ ድጓ ያስተምራሉ። እናቴ ካረፈች በኋላ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ አጥር ተሻግሮ ግን ታናሽ ወንድማቸው አዳነ አለ። አዳነን አባቴ እንደ ልጅ ነው ያሳደጉት። አጎቴ ቢሆንም አብረን ስላደግን «አንተ» እለዋለሁ። እዚያው ደልጊ ወፍጮ ቤት ይሠራል።

ያን ዓመት አባቴን ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። መጀመሪያ ዳገት ላይ ነበር፤ ቆይቶ ማኅሌት ቆመው ዜማውን መሐል ላይ እያቋረጡ መቋሚያቸውን መደገፍ አመጡ። ባሕር ዳር አምጥቼ ባስመረምራቸው ሐኪሙ፣ «መሪጌታ፣ የልብዎ በር ጠቧል። ደሙን እንደሚገባ አያሳልፍም። መቀየር አለበት» አላቸው።

«የልብ በር የሚቀይር አናጢ ደግሞ የት ይገኛል?» አሉ አባቴ።

ሐኪሙ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። ብዙ ሰው የሚልከው ሕንድ አገር፣ ዴልሂ መሆኑን ነገረኝ። አባቴ ልብሳቸውን እየለበሱ ሳለም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብዙ አትቆዩ» አለኝ።

ቤት ስንገባ አባቴ የሚሉኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «ልቤን ከፈጣሪዬ በቀር ከፍቶ ያየው የለም። ተይኝ፣ አገሬ ልግባ።» ለመንሁ፣ አለቀስሁ፣ ተቆጣሁም። ወንድሞቼም በስልክ ለመኗቸው። እሳቸው ዝም አሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ እኛ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና ቀጠሮውን እያሟላን ሄድን፤ እሳቸውም ፈርሙ ሲባሉ ፈረሙ፣ ፎቶ ሲባሉ ተነሡ። አንድም ጊዜ ግን «እሺ፣ እሄዳለሁ» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ይች ደልሂ የምትሏት፣» አሉ፣ «ስንት ሰዓት ታስኬዳለች?»

ደስ ብሎኝ አትላሴን አወጣሁ። ጣቴን ባሕር ዳር ላይ አድርጌ፣ «ከዚህ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ከአዲስ አበባ ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ የዓረቦችን አገር አልፈው፣ ይህን ሰፊ ውቅያኖስ ጫፍ ጫፉን ይዘው ዴልሂ። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ በአየር ላይ ነዎት» አልኋቸው። የሕንዶች ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚቀድምም ነገርኋቸው።

«ደልጊስ?»

«ደልጊማ በትልቁ ጀልባ ከሆነ መንገድ ላይ ቁንዝላ አድረው አይደል የሚደርሱ!»

አባቴ ከታመሙ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። «እንግዲያውስ ሕንድ ከቤቴ ትቀርባለች በይኛ!» አሉ። ሳቃቸውን ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲያልፍ፣ «ሞተር ጀልባዎቹስ?» ብለው ጠየቁኝ። «ወደ ደልጊ የሚሄዱት ጠዋት በስንት ሰዓት ይነሣሉ?»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«እንዲሁ ነው።»

ያች «እንዲሁ ነው» አልጣመችኝም። ለመላኩ ስነግረው፣ «ሽማግሌ ሰው የማይጠይቀው ነገር የለም» ብሎ አለፈኝ።

መላኩ አብሯቸው እንዲሄድ ነበር ያሰብነው። የእሱ ቪዛ ግን ዘገየ። ሆስፒታሉ የሰጠን ቀን ደግሞ ደረሰ። እኔ በስምንተኛ ወር ያን ያህል መንገድ የሚያሳፍረኝ አውሮፕላን የለም። ቀኑን እናስለውጥ ስንል አባቴ ከተቀመጡበት ቀና አሉና፣ «ብቻዬን እሄዳለሁ» አሉ። ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋግረን፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ የሚቀበላቸው አንድ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ እንዳለ አረጋገጥን። አዲስ አበባ ላይም በተሽከርካሪ ወንበር ወስዶ ሁለተኛው አውሮፕላን ላይ የሚያሳፍራቸው ሰው እንደሚመደብ ቃል ተገባልን።

የሄዱት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካከልሁላቸው። ግንባሬን ሳሙኝ፤ ሆዴንም በመስቀል ምልክት ባረኩት። ከዚያ ዞር ሳይሉ ገቡ። ከመስታወቱ ማዶ ነጭ ጥምጣማቸው በሰው መካከል ሲጠፋ አየሁ። የመጨረሻ ያየሁት ይህንን ነው፤ አውሮፕላኑ ላይ ሲወጡ አላየሁም። አውሮፕላኑ ዘግይቷል ስለተባለ መላኩ እግሬ ማበጡን አይቶ ወደ ቤት ወሰደኝ።

በእኔ ስሌት ዓርብ ጠዋት ንጋት ላይ ዴልሂ መድረስ ነበረባቸው። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ስልክ የለም። ሻንጣ ሲጠብቁ ነው፣ መንገድ ተዘግቶ ነው እያልሁ ራሴን አባበልሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ወደ እሳቸው ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ወደ አስተርጓሚው ደወልሁ፤ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። አየር መንገዱ ጋ ብደውል ያነሣችልኝ ልጅ በትህትና፣ «አውሮፕላኑ በሰላም አርፏል፤ ስለ ተሳፋሪ ግን በስልክ መረጃ አንሰጥም እናቴ» አለችኝ።

«አውሮፕላኑ ካረፈ አባባም አርፈዋል» አለ መላኩ።

«ተሳፍረው ከሆነ ነዋ!» አልሁት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እያሰብሁ እንደነበር ለራሴ የገባኝ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። ዘልዬ ሳነሣው አዳነ ነው።

«ስመኝ!» አለ። ከኋላው ወፍጮው ይጮኻል። «ጋሼን ምን አድርጋችሁ ነው የላካችኋቸው?»

«ምን ሆኑ?»

«አሁን ደወሉልኝ እኮ! ‹ደልጊ ደርሻለሁ፣ ለስመኝ ንገራት› አሉኝና ተቋረጠ። ወደ ጀልባው መውረጃ ብሮጥ የሉም። ቤታቸው እንደተቆለፈ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሄጃለሁ፣ ያያቸው የለም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልሁ።

«ደልጊ ነው ያሉህ? በደንብ ሰምተሃል?»

«በጆሮዬ! ድምፃቸው ሩቅ ነው፣ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ግን የጋሼ ድምፅ ይጠፋኛል?»

«በማን ስልክ ነው የደወሉት?»

«እኔ እንጃ፣ የማላውቀው ቁጥር ነው። ዘጠኝ አንድ ብሎ የሚጀምር። መልሼ ብደውል ሴትዮዋ አይቻልም ትለኛለች።»

የእኛ አገር የሞባይል ቁጥር ብዙው ዜሮ ዘጠኝ አንድ እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ምንም አልጠረጠርሁም። «እንደገና ፈልጋቸው» ብዬው ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

አሁን ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ያ ሁሉ ዝምታ፣ «አገሬ ልግባ» ማለታቸው፣ የጀልባ ሰዓት መጠየቃቸው። አውሮፕላኑ ሲዘገይ በሌላ በር ወጥተው፣ ከሚያውቋቸው ካህናት አንዱ ቤት አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ በሞተር ጀልባ ወደ አገራቸው ሄደዋል ማለት ነው። ሰዓቱን አሰላሁት። ንጋት ላይ የተነሣ ሞተር ጀልባ በዚህ ሰዓት ደልጊ ይደርሳል። ዴልሂም፣ ደልጊም፣ ሁለቱም መንገድ ለሰዓቱ ልክ ነበር። ግን ደልጊ ከደረሱ ታዲያ የት ሄዱ?

«ተነሥ፣ ወደብ እንሂድ» አልሁት መላኩን።

በባጃጅ ሄድን። ሐይቁ ጠዋት የነበረው ሐይቅ አልነበረም። ነፋሱ ከሰሜን ተነሥቶ ውኃው ግራጫ ሆኗል፣ ማዕበሉ የወደቡን ድንጋይ እየደበደበ ይረጫል፣ ትንንሾቹ ጀልባዎች ታስረው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ይርጋን ፈለግሁት። ይርጋ ጀልባ የሚያሽከረክር፣ አባቴን ለዓመታት ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው።

«ይርጋ፣ ዛሬ ጠዋት አባቴን አይተሃል?»

«የኔታን?» አለና ቆም ብሎ አሰበ። «አጠገባቸው አልደረስሁም። ግን ንጋት ላይ አንድ ጀልባ ወደ ደልጊ ሲነሣ ከሩቅ አይቻለሁ። ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ተቀምጠውበት ነበር። እሳቸው ይመስሉኛል።»

«ይመስሉኛል አትበለኝ፣ ይርጋ!»

«መቋሚያቸውን አየሁታ! ያ ራሱ ላይ የናስ ቀለበት ያለው። እሱንማ የት አጣዋለሁ?»

መላኩን አየሁት። እሱም ደነገጠ። መቋሚያው የአባቴ ነው፤ እንደዚያ ያለ ሌላ መቋሚያ አይቼ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድም እጃቸው ላይ እንዳልነበረ ትዝ አለኝ።

«ጀልባው ደርሷል?» አለ መላኩ።

ይርጋ ወደ ሐይቁ ተመለከተ። «አልሰማሁም። የአሽከርካሪው ስልክ ዝግ ነው። መሐል ላይ ኔትወርክ የለም። ነፋሱ ደግሞ . . .» ሆዴን አየና የጀልባውን ገመድ ማጥበቅ ያዘ።

ወደቡ አጠገብ ካለች ዋርካ ሥር ተቀመጥሁ። ልጄ ሆዴ ውስጥ ትራገጣለች። የአባቴን ልብ አሰብሁ፤ ያን ጠባብ በር፣ በዚያ ማዕበል ላይ። ሐኪሙ ድንጋጤ አይስማማቸውም ብሎኝ ነበር። ምናልባት ከደልጊ ዳር አጠገብ ሲደርሱ «ደርሻለሁ» ብለው ደውለው ከዚያ በኋላ ጀልባው . . . ሐሳቡን አልጨረስሁትም። መላኩ አጠገቤ ቆሞ ወደ አስተርጓሚው ደጋግሞ ይደውላል። አንዲት ዓሣ ሻጭ ሴት ሳትጠይቀኝ ውኃ አምጥታ፣ «ጠጪ፣ ልጄ። ነፋሱ ይበርዳል» አለችኝ። ጠጣሁ። ከሐይቁ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ከማዶ አንዲት ነጭ ነገር ብቅ ባለች ቁጥር እነሣለሁ፤ ወፍ ናት፣ ወይም የማዕበል አረፋ።

እንደዚያ ብዙ ከቆየን በኋላ መላኩ ድንገት፣ «ስሚ፣ አዳነ የተደወለለት ቁጥር ላይ ለምን አንደውልም? ባለ ስልኩ የት እንዳሉ ያውቃል» አለኝ። ይህን ቀድሞ ያለማሰባችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለአዳነ ደወልን። አሁን ከወፍጮው ርቆ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ያን ቁጥር አንድ በአንድ አንብብልኝ» አለው መላኩ። እኔ እንድሰማ ስልኩን በድምፅ ማጉያው አድርጎታል።

«ዘጠኝ። አንድ . . .»

«ከዜሮ ጀምርልኝ።»

«ዜሮ የለውም።»

«እንዴት ዜሮ የለውም? መጀመሪያው ላይ ምንድን ነው ያለው?»

አዳነ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲመለከት ይታየኛል።

«መጀመሪያው ላይማ መስቀል ናት ያለችው» አለ። «ትንሽ መስቀል። ከዚያ ዘጠኝ፣ አንድ . . . ቁጥሩም ረጅም ነው፣ አያልቅም።»

መላኩ ዓይኑ ፈጠጠ። «መደመር ናት!» ብሎ ጮኸ። «መደመር ዘጠና አንድ! ስሜ፣ ይህ የሕንድ ስልክ ነው!»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ከንፈሬ በራሱ ቃሉን ደጋገመው፤ ደልሂ፣ ደልጊ፣ ደልሂ፣ ደልጊ። አባቴ ከተማዋን «ደልሂ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። በወፍጮ ድምፅ መካከል፣ ከዚያ ሩቅ አገር፣ ዕድሜውን ሙሉ ደልጊ ለኖረ ሰው ሌላ ምን ብሎ ሊሰማው ይችላል?

መላኩ ቁጥሩን መታው። ጠራ። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ አነሣ። መላኩ ከኢትዮጵያ የመጡ ሽማግሌ በሽተኛ እንደምንፈልግ ነገረው። ሰውየው የሆስፒታሉ ሾፌር ነበር፤ ሳቅ ብሎ የሆነ ነገር አለና ስልኩን ለሌላ ሰው ሲያቀብል ተሰማን።

«ሃሎ?» አለ የአባቴ ድምፅ።

«አባባ! የት ነዎት?»

«እንዴት የት ነዎት ትይኛለሽ? ደልሂ ነኛ! አዳነ አልነገረሽም?»

ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ዓሣ ሻጯ እየሮጠች መጣች፤ ይርጋም መጣ። መላኩ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ሁሉንም ጠየቃቸው። ነገሩ ቀላል ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የፓስፖርት ሰልፉ ብዙ አቆይቷቸዋል፤ ስልካቸውም እዚያ አገር አልሠራም ብሏል። አስተርጓሚው ስልኩን ቤቱ ረስቶ ወጥቷል፤ ቁጥሬም የተመዘገበው እዚያው ስልኩ ላይ ነው። ሾፌሩ የራሱን ሰጣቸው። አባቴ በቃላቸው የሚያውቁት ቁጥር ደግሞ አንድ የአዳነን ብቻ ነው። ሆስፒታል ገብተው ደማቸው ተወስዶ፣ ምሳ በልተው ተቀምጠዋል።

«መቋሚያዎስ?» ብዬ ስልኩን ቀማሁት። «በጀልባ ታየ እኮ!»

«እሱንማ ረቡዕ ዕለት ለአንድ የአገራችን ቄስ ሰጥቼው ነበር፣ አዳነ ዘንድ እንዲያደርስልኝ። አውሮፕላን ላይ ዱላ አይወጣም ብለውኝ። የጀልባውን ሰዓት የጠየቅሁሽ ለዚሁ አልነበር?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መቋሚያውን የሰጠ ላይመለስ ነው ብለሽ እንዳታለቅሽ ብዬ ነዋ።» ትንሽ አረፍ አሉ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። «አሁን ደግሞ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«ኦፕራሲዮኑን ፈርተው ደልጊ የተመለሱ መስሎኝ።»

ቀስ ብለው፣ «መፍራቱንማ ፈርቻለሁ» አሉኝ። «አውሮፕላኑ ሲነሣ ዳዊቴን ከጀመርሁ ደልሂ ድረስ አልዘጋሁም። ግን እናትሽ ሳታየው የቀረችውን ልጅ እኔ ሳላየው ልሂድ? እንዴት ተደርጎ?»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ይርጋ ቤታችን ድረስ መጥቶ በር አንኳኳ። ጀልባው ነፋሱን ሸሽቶ ደቅ ደሴት ጥግ ተጠልሎ ኖሮ፣ ቄሱም መቋሚያውም ደኅና ናቸው። ይህን ሊነግረኝ ነው የመጣው። እንጀራ አቀረብሁለት፤ ሁላችንም እንደ ተራበ ሰው በላን።

ቀዶ ጥገናው በሚቀጥለው ሳምንት ተደረገ። አስተርጓሚው ደውሎ «በሩ ተቀይሯል» ያለኝ ክፍል ውስጥ ስለ ነፋሳት አቅጣጫ ሳስተምር ነው፤ ተማሪዎቼ ፊት ቾኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልጄን የተገላገልሁት አባቴ እዚያው እያገገሙ ሳሉ ነው። ሲመለሱ ይዣት ሄድሁና ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልናቸው። ከተሽከርካሪው ወንበር ተነሥተው፣ በእግራቸው መጥተው፣ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ለረጅም ጊዜ ፊቷን አዩት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በእኔ ውስጥ የተለወጠውን ልንገራችሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አባቴ መኖር የሰለቻቸው ይመስለኝ ነበር። ወደ ሐኪም የምጎትታቸው፣ መድኃኒት የማስውጣቸው፣ በግድ የማኖራቸው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለዚህ ነው አዳነ «ደልጊ» ሲለኝ ሳልጠራጠር የተቀበልሁት። ጆሮው የሳተው አዳነ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ያን ሁሉ ሳምንት ስሰማቸው የነበረው ተሳስቼ ነው። «ስንት ሰዓት ታስኬዳለች?» ብለው ሲጠይቁኝ መሄዳቸውን እየነገሩኝ ነበር። እኔ «እሺ» የምትለዋን ቃል ስጠብቅ ይህን አልሰማኋቸውም። እናንተም ቤት ዝም ያለ ሽማግሌ ካለ፣ ዝምታውን በራሳችሁ አትተርጉሙት። ጠይቁት። የሚመልስላችሁ ነገር ካሰባችሁት በጣም የራቀ ሊሆን ይችላል። ይህንን ካወቅሁ ወዲህ ስለ አባቴ ጭንቀቴ ግማሽ በግማሽ ቀለለኝ፤ የሚኖሩት መኖር ፈልገው ነውና።

ልጄ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትናዋን ደልጊ አደረግን። አባቴ ከካህናቱ ጋር ገቡ። ቅዳሴው ረዘም ያለ ነበር። አዳነ ወንበር ይዞ ከኋላቸው ቆሞ ሲጠባበቅ ቆየ፤ እሳቸው ግን አንድም ጊዜ ዞር ብለው ወንበሩን አላዩትም። ሕመሙ መሐል ላይ ያስቋርጣቸው የነበረውን ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ አወጡት፤ እኔም ልጄን ታቅፌ የሴቶቹ ቦታ ላይ ቆሜ፣ ትንፋሻቸው የት ላይ ይቆም ይሆን ብዬ መጠበቄን የተውሁት ያን ጊዜ ነው።